አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ሰው በማዕርጉ ብቻ አይከበርም፤ በያዘው ሥራ ታምኖ ለፍትሕ ሲቆም ግን ስሙ ከሞቱ በኋላ ይነሣል። ለዚህ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ምስክር ናቸው።

በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወልደው፥ በተማሪነታቸው ዘመን የለመዱትን የእግር ኳስ ጨዋታ ሳይተዉ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ያህል ተሰለፉ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበትን ቡድን አልልክም ባለች ጊዜ፥ አቶ ይድነቃቸው የዘር ልዩነትን አጥብቀው ተቃወሙ፤ እርሷም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም ያለ ተጋጣሚ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ሽንፈቱ ግን ተስፋ አላስቈረጣቸውም። በጥር 1954 ዓ.ም. ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ያንኑ ተጋጣሚ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተው፥ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በዚያው ሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ዋንጫ በእጅ ይያዛል፤ ፍትሕን መያዝ ግን ልብ ይጠይቃል። እኒህ ሰው ሁለቱንም ይዘው አለፉ።