ያኮቭ ዜልዶቪች እና የጽንፈ ዓለም ድር

ያኮቭ ቦሪሶቪች ዜልዶቪች እ.ኤ.አ. በ1914 በሚንስክ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይዙ በ1931 በሌኒንግራድ የኬሚካዊ ፊዚክስ ተቋም የላቦራቶሪ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ በ1939 ግን ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። በቃጠሎና በፍንዳታ ጥናት ስም ካተረፉ በኋላ በሶቪየት ኅብረት የኑክሌር መሣሪያ ሥራ ውስጥ ዓመታትን አሳለፉ። ወደ ሥነ ፈለክ ፊዚክስ ፊታቸውን ያዞሩት በ1960ዎቹ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነበር።

በ1965 ይፋ የሆነው ዳራዊ የማይክሮዌቭ ጨረር፣ ጽንፈ ዓለም ወደ 380,000 ዓመት ዕድሜ በነበረው ጊዜ ቁስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ እንደቀረው ያመለክት ነበር። ታዲያ ከዚያ ልስላሴ የጋላክሲዎች ክምችት እንዴት ወጣ? የተለመደው ስሌት የሚያገለግለው የእፍጋት ልዩነቱ አነስተኛ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ዜልዶቪች በ1970 ሌላ መንገድ አቀረቡ፦ በየቦታው ያለውን እፍጋት ከማስላት ይልቅ፣ እያንዳንዱን የቁስ ቅንጣት በመነሻ እንቅስቃሴው አቅጣጫ መከተል። በሦስቱ አቅጣጫዎች የሚደረገው መኮማተር እኩል ስላልሆነ ቁስ አስቀድሞ በአንደኛው ይደፈጠጥና ፓንኬክ መሰል ዝርግ ይሆናል። ዝርጎቹ ሲገናኙ ክሮች፣ ክሮቹ ሲገናኙ ቋጠሮዎች ይፈጠራሉ፤ በመካከላቸውም ሰፋፊ ባዶ ስፍራዎች ይቀራሉ።

በዚያው ዘመን ከራሺድ ሱንያዬቭ ጋር፣ ዳራዊው ጨረር በጋላክሲ ክምችቶች ውስጥ ባለ ትኩስ ጋዝ ሲያልፍ የሚደርስበትን ለውጥ አሰሉ። የዚህ ምልክት ብሩህነት በርቀት ስለማይቀንስ፣ ዛሬ ሩቅና ጥንታዊ ክምችቶችን ለመፈለግ ያገለግላል።

ፈተናው የመጣው በ1980 ነው። አንድ የሞስኮ ሙከራ ኒውትሪኖ 30 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ክብደት እንዳለው አስታወቀ። የማይታየው ቁስ ኒውትሪኖ ከሆነ፣ ፈጣን ጉዞው ጥቃቅን ልዩነቶችን ስለሚያጠፋ ታላላቅ ዝርጎች ይቀድማሉ፤ ጋላክሲዎች ከእነርሱ ተሰባብረው ይወጣሉ። ዜልዶቪችና ባልደረቦቻቸው ይህን ሐሳብ አጥብቀው ያዙ። ሆኖም የኋላ ሙከራዎች ልኬቱን አላረጋገጡትም። በ1983 ዋይት፣ ፍሬንክ እና ዴቪስ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እንዳሳዩትም፣ በእንዲህ ያለ ጽንፈ ዓለም ጋላክሲዎች ከሚገባው በላይ ዘግይተው ይፈጠራሉ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ትንንሹ ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል የሚለው አስተሳሰብ አሸነፈ።

የቅርጹ ትንበያ ግን ጸና። በ1986 የታተመው የሃርቫርድ-ስሚዝሶኒያን ማዕከል የጋላክሲ ካርታ፣ ጋላክሲዎች በባዶ ስፍራዎች ዙሪያ እንደ አረፋ ግድግዳ ተሰልፈው አሳየ። ዜልዶቪች ይህ በሆነ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1987 በሞስኮ አረፉ።

የ1970ው ስሌት ዛሬም የሲሙሌሽኖችን መነሻ ሁኔታ ለማዘጋጀት፣ እንዲሁም በካርታ ላይ ያሉ ጋላክሲዎችን ወደ ቀድሞ ስፍራቸው መልሶ የጥንቱን የድምፅ ሞገድ አሻራ ለማጥራት ይሠራበታል። የተሳሳተው ስለ ቁሱ ምንነት የተወሰደው ግምት ነበር፤ ስበት ቁስን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚገልጸው ስሌት ከግምቱ ጋር አልወደቀም።