ተክለ ሐዋርያትና የአውሬዎቹ ኮሜዲያ

የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር የሳቅ ቴያትር ነበር። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ በ1888 ዓ.ም. ጌታቸውን ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየፍ የተባለ ሩስያዊ ወደ አገሩ ይዟቸው ሄደ። በዚያም የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ተመለሱ። ቀጥሎም በአውሮፓ የእርሻ ሙያ አጠኑ።

በሩስያ ሳሉ እውነተኛ ቴያትር አይተዋል። በአዲስ አበባ ግን በስሙ የሚቀርበው ዘፈንና ቀልድ ብቻ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ላፎንቴን የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ የጻፋቸውን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። ቴያትሩም ቴራስ በተባለው ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ይባል በነበረበት ዘመን፣ አውሬ ሆኖ የሚናገር ሰው መመልከት ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ተመልካቹ በአውሬዎቹ ይስቃል፤ ነገር ግን ከቆዳው ሥር ያለው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ጉቦኛው ሹምና ሰነፉ አስተዳደር በተረት ተሸፍነው ቀርበዋልና። የተረት ጥቅሙም ይኸው ነው፤ የተነካው ሰው ተነካሁ ብሎ ቢቆጣ ራሱን ያጋልጣል። ሽፋኑ ግን ደራሲውን አላዳነም። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱ ቴያትሩን አገዱ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ቅጂው እንደ ብርቅ ዕቃ የሚፈለግ ሆነ።

ተክለ ሐዋርያት በዚህ ምክንያት ከሥራ አልራቁም። በጨርጨር አገረ ገዥነታቸው አሰበ ተፈሪን በፕላን አሠሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ፤ ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ከወረራው በኋላ በስደት ብዙ ዓመታት፣ ይልቁንም በማዳጋስካር፣ አሳለፉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በሂርና እርሻቸውን ሲያለሙ ኖሩና በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ግርማቸው «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፈዋል። የአባትየው የሕይወት ታሪክ ግን የታተመው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።