ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በወረርሽኝ ወራት

በ1926 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው የሰየሟቸው አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም ተወለዱ። አንድ ዓይናቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የጠፋ ቢሆንም ትምህርትን ከገዳም ገዳም እየተዘዋወሩ ፈለጉ፤ በ1851ም ከአቡነ ያዕቆብ ክህነትን ተቀበሉ።

በ1855 እምነታቸውን አልክድም በማለታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ማለደላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ስለ ፍርዱና ስለ ግርፋቱ ብዙ ተነግሯል፤ ከዚያ በኋላ ስለመጡት ወራት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ንጉሡ በዚያው ዓመት በወሎና በሸዋ ላይ ሲዘምቱ፣ ሽማግሌው በሰንሰለት ታስረው ሠራዊቱን እንዲከተሉ ተደረገ። በሰፈሩ ኮሌራ ገባ። በሽታው በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ በዚያ የሚያውቅ ስላልነበረ ፍርሃቱ ከደዌው አላነሰም። በ2020 ኮሮና፣ በ2021 ደግሞ ጦርነት የደረሰባቸው የወልድያ፣ የመርሳና የመላው ሀብሩ ሰዎች ይህን የመንፈስ ጭንቀት ያውቁታል፤ ጠያቂ በሌለው ላይ እንደሚከብድም አይተዋል።

አባ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው ጠያቂ የሌላቸው እስረኛ ሳሉ ጥቂቷን ስንቃቸውን ለሕሙማን ያካፍሉ እንደ ነበር ይተረካል። በኋላ ያው ደዌ ያዛቸውና በክረምቱ ወራት በጉዞ ላይ ዐረፉ። ጠባቂዎቻቸው ሰንሰለቱን ፈትተው ቀበሯቸው።