ያለ ቀለም እንድናይ ያደረገን ፍሪትስ ዜርኒኬ

ዛሬ የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ስሙ ፍሪትስ ዜርኒኬ ይባላል። እኛ ጋ እንደ አንስታይን ብዙ አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ሊወራለት ይገባል።

ዜርኒኬ በ1888 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ አገር በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። እናቱም አባቱም የሒሳብ መምህራን ነበሩ። ልጅ እያለ በኪስ ገንዘቡ የላብራቶሪ ዕቃ ይገዛ ነበር። ከአሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ባወጣው ማሽንም ትንሽ የሰማይ መመልከቻ ሠርቷል። ካደገ በኋላ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተማረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ስናይ አዮዲን ጠብ እናደርግበታለን አይደል? ሴል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ያለ ቀለም በደንብ አይታይም። ችግሩ ግን ቀለሙ ብዙ ጊዜ ሴሉን ይገድለዋል። ስለዚህ የድሮ ሳይንቲስቶች በደንብ የሚያዩት የሞተውን ነበር ማለት ነው!

ዜርኒኬ በ1930 መፍትሔውን አገኘ። በሴል ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ትንሽ ይዘገያል። በክረምት ሁለት ልጆች እኩል ተነስተው አንዱ በአስፋልት፣ አንዱ በሰበታ ጭቃ ቢሄዱ ጭቃ የገባው ወደኋላ ይቀራል፤ እንደዛ ነው። ዓይናችን ግን ይህን መዘግየት ማየት አይችልም። እሱ ማይክሮስኮፑ ውስጥ ልዩ መስታወት አስገብቶ መዘግየቱን ወደ ጨለማና ብርሃን ቀየረው። በዚያ ላይ ሴሉን ሳይነካ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ብርሃን በጣም ስለሚበዛ በመስታወቱ አደበዘዘው። ኮከቦች ቀንም አሉ፤ የማናያቸው የፀሐይ ብርሃን በዝቶ ነው። ብርሃን ቀንሶ የበለጠ ማየት፣ ይገርማል!

በ1932 ግኝቱን ይዞ ጀርመን አገር ወደሚገኘው የዛይስ ማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ያለ አንድ አንጋፋ ሳይንቲስት ግን ነገሩ ጥቅም ቢኖረው ኖሮ ፋብሪካው ራሱ ቀድሞ ይሠራው እንደነበር ነገረው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት። መሣሪያው በፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1941፣ ያውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል ነው። ብዙም ሳይቆይ ሕያው ሴል ለሁለት ሲከፈል ያለ ምንም ቀለም በፊልም ተቀረጸ።

ዜርኒኬ በ1953 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1966 በ77 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ሳይንቲስቶች ከሴል እጅግ የምታንሰውን አንዲት ፕሮቲን እንኳ ቀለም ሳይቀቡ በብርሃን ማየት ችለዋል። ፕሮቲኗ የምትመልሰው ብርሃን በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ እንዳትጠፋባቸው እነሱም የሚበዛውን ብርሃን ያደበዝዙታል። ልክ ዜርኒኬ እንዳደረገው።