ስሕተትን በደወል የሚያስታውቅ መኪና ያሰበ ሊቅ፤ የቻርልስ ባቤጅ የሕይወት ታሪክ

ሰሊጥ የጫነ ካሚዮን ከገዳሪፍ ተነሥቶ በከሰላ በኩል እስከ ፖርት ሱዳን ወደብ ሲጓዝ ጭነቱ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። በመንገድ ላይ ሚዛኑ ጐድሎ ቢገኝ ነገሩን በሁለት ዓይነት ሥርዓት መምራት ይቻላል። በአንደኛው ሥርዓት እያንዳንዱ ተረካቢ ጭነቱን መዝኖ ሙሉ መሆኑን ወይም መጉደሉን በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ቀጣዩም ተረካቢ ወረቀቱን ሳይመለከት አይረከብም። በሁለተኛው ሥርዓት ሥራው ያለ ብዙ ጽሕፈት ይቀጥላል፤ ጉድለት የተገኘ እንደ ሆነ ግን ጉዞው ይቆምና መልእክቱ በመካከል ያሉትን ሁሉ አልፎ በቀጥታ ገዳሪፍ ላለው ባለ ንብረት ይላካል። ፊተኛው አድካሚ ነው፤ ኋለኛው ቀላል ነው፤ ነገር ግን መልእክቱን የሚቀበል ሰው ካልተገኘ ጭነቱ በመንገድ ይቀራል።

የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚያዘጋጁ ሊቃውንት የሚከራከሩትም በዚሁ ጉዳይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ጃቫ የተባለው ቋንቋ ስሕተትን ኤክሴፕሽን በሚባል ጥሪ ያስታውቃል፤ በ2009 ዓ.ም. የቀረበው ጎ ደግሞ ስሕተቱን ከውጤቱ ጋራ አያይዞ ለጠየቀው ክፍል ይመልሳል። ይህን ጉዳይ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በመኪና አሠራር ውስጥ ያሰበበት ሰው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባቤጅ ከባለጸጋ የባንክ ባለቤት ቤተ ሰብ በ1791 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ተወለደ። በ1810 ዓ.ም. ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብን አጠና፤ በ1828 ዓ.ም. ቀድሞ ኒውተን ይዞት የነበረውን የሒሳብ ፕሮፌሰርነት ወንበር አገኘ።

በ1821 ዓ.ም. ከወዳጁ ከጆን ሄርሸል ጋራ ለሥነ ፈለክ የሚያገለግሉ የሒሳብ ሰንጠረዦችን ሲያመሳክር በየገጹ ስሕተት አገኘ። በዚያ ዘመን ሰንጠረዡን የሚያሰላው ሰው ነበር፤ የሚገለብጠውም፣ ለማተሚያ ፊደል የሚለቅመውም ሰው ነበር። አንዱ የሳተውን ሌላው ሳይመረምር ያሳልፈዋል፤ ስሕተቱም በመጨረሻ በባሕር ላይ አቅጣጫውን በዚያ ሰንጠረዥ በሚያሰላው መርከበኛ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ባቤጅ የሚያሰላና ራሱ የሚያትም መኪና ለመሥራት ቈረጠ። በ1822 ዓ.ም. ትንሽ ምሳሌ ሠርቶ አሳየ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ መስጠት ጀመረ።

በ1827 ዓ.ም. አባቱን፣ ሚስቱን ጆርጂያናንና ሁለት ልጆቹን ሞት ወሰደበት። ሐዘኑን ችሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1832 ዓ.ም. የመኪናው አንድ ክፍል ተጠናቅቆ በትክክል ሠራ፤ ነገር ግን ከሠራተኛው ከጆሴፍ ክሌመንት ጋራ በክፍያ ምክንያት ስላልተስማሙ በ1833 ዓ.ም. ሥራው ቆመ።

ከዚህ በኋላ ባቤጅ ከፊተኛው የሚበልጥ መኪና አሰበ። ይህ መኪና እንደ ሸማኔው ዣካር መሣሪያ በተበሳ ካርድ ትእዛዝ የሚቀበል፣ ልዩ ልዩ ሒሳብ የሚፈጽም ነበር። በ1864 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፣ መኪናው ሎጋሪዝም ሲያስፈልገው ደወል ደውሎ ይቆማል፤ ጠባቂውም የተፈለገውን ካርድ ያቀርብለታል። መኪናው ግን የቀረበለትን ሁሉ አምኖ አይቀበልም፤ ካርዱ የጠየቀው ቁጥር መሆኑን አስቀድሞ ይመረምራል። ትክክል ካልሆነ ከፊተኛው በበለጠ ድምፅ ይደውልና ይቆማል፤ ጠባቂውም ስሕተት መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ አይቶ ካርዱን ይለውጣል። እንግዲህ በአንድ መኪና ውስጥ ሁለቱም ሥርዓቶች ተገናኝተው እናያለን፤ በሚቀበለው ነገር ላይ ምርመራ አለ፤ ምርመራው ጉድለት ሲያገኝ ሥራውን አቋርጦ የሚጣራ ደወል አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለደወሉ የሚነሣ ጠባቂ መመደቡ ነው።

ባቤጅ ራሱ እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። መንግሥት ቍርጡን እንዲነግረው ለዓመታት ቢጠይቅም፣ ከ17,000 ፓውንድ በላይ ከወጣ በኋላ በ1842 ዓ.ም. ሥራው እንደ ተተወ ተነገረው። በ1843 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳ ሎቭሌስ ስለ አዲሱ መኪና ታላቅ ማብራሪያ አሳተሙ፤ መኪናው ግን ሳይሠራ ባቤጅ በ1871 ዓ.ም. አረፈ። በ1991 ዓ.ም. የለንደኑ የሳይንስ ቤተ መዘክር ባቤጅ በነደፈው ሌላ ፕላን መሠረት አንዱን የስሌት መኪና ሠርቶ በትክክል እንደሚያሰላ አረጋገጠ።

በወይዘሮ አዳ ስም የተጠራው አዳ የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ኤክሴፕሽን ያለው ነው። በ1996 ዓ.ም. አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በተነሣ በ40 ሴኮንድ ገደማ የጠፋው በዚህ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም ምክንያት ነበር። መጠናቸው ከቦታቸው ሊያልፍ ይችል ከነበረ ሰባት ቁጥሮች አራቱ ምርመራ ተደርጎላቸው ሦስቱ ከልክ አያልፉም ተብለው ተትተው ነበር። ከተተዉት አንዱ ከልክ አለፈ፤ ጥሪው ተሰማ፤ ጥሪውን ተቀብሎ የሚያርም ክፍል ስላልተዘጋጀ ግን አቅጣጫ የሚጠቁመው መሣሪያ ራሱን አጠፋ። መጠባበቂያውም ያው ፕሮግራም ስለ ነበረው አልጠቀመም። እንግዲህ ምርመራውም ጐድሎ ነበር፤ ደወሉም ጠባቂ አልነበረውም።

ስለዚህ ከሁለቱ ሥርዓቶች የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ገና ቢቀጥልም፣ ባቤጅ ያስቀመጠው ሐሳብ ለሁለቱም ይሠራል፤ ይኸውም ስሕተት ከመድረሱ በፊት ማን እንደሚያርመው መወሰን ነው። ጎ ስሕተቱን በእጅ ቢያስረክብም ተቀባዩ ሳያነብ ሊጥለው ይችላል፤ ጃቫም ቢጣራ የሚሰማው ላይኖር ይችላል። እኛ መምህራንም የተማሪን ደብተር ስናርም ቀይ ምልክቱን ማድረግ ብቻ አይበቃንም፤ ተማሪው ምልክቱን አይቶ ስሌቱን እንደገና እንዲሠራ፣ ካቃተውም ወደ ማን እንደሚመጣ እንዲያውቅ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።