ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ፦ የሦስት ሰው ሙዚቃ ለአንድ ሰው የጻፈው ደራሲ

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በፈረንጆቹ 1685 በአይዘናኽ ከተማ ከሙዚቀኞች ቤተሰብ ተወለደ። አስር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ስለሞቱበት፣ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው።

በ20 ዓመቱ፣ በአርንሽታት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት በነበረበት ጊዜ፣ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ታላቁን ቡክስተሁደ ለመስማት 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ወደ ሉቤክ ተጓዘ። የተመለሰው ግን ከወራት በኋላ ስለነበር ከአሠሪዎቹ ተግሣጽ አላመለጠም። በኋላም በቫይማር መስፍን ዘንድ ሲያገለግል፣ ቪቫልዲ ለባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሳቸውን ሥራዎች ለኦርጋን አቀናበረ። በ1717 ካልሰናበትሁ ብሎ በመጽናቱ መስፍኑ ለአንድ ወር ገደማ አሰረው።

በ1723 ወደ ላይፕሲግ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1730 አካባቢ ስድስት የኦርጋን ሶናታዎችን አሰናዳ። የበኩር ልጁ ዊልሄልም ፍሪደማን እንዲለማመድባቸው ያዘጋጃቸው እንደሆኑ ይነገራል። ቀኝ እጅ አንድ ዜማ፣ ግራ እጅ ሌላ ዜማ፣ እግሮች ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛሉ፤ አንዱ ለሌላው አጃቢ አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ሦስት ሆኖ ማሰብ ይጠበቅበታል።

ሥራዎቹን ለአነስተኛ ቡድን የሚያቀናብሩ ሙዚቀኞችን የሚስባቸውም ይኸው ነው። የቀኝ እጁ ለቫዮሊን ወይም ለፍሉት፣ የእግሩ ለቼሎ ይሰጣል፤ የግራ እጁ ዜማ ከቫዮሊን ወሰን በታች ስለሚወርድ ለቪዮላ ይስማማል። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ኦርጋን ነፋሱን ከወናፍ ስለሚያገኝ፣ ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ድምፁ ሳይደክም ይዘልቃል። ፍሉት ነፊው ግን መተንፈስ አለበት፤ የቫዮሊኑም ደጋን ጫፍ ላይ ሲደርስ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ዜማው የት ላይ እረፍት እንደሚያገኝ የሚወስነው አቀናባሪው ነው፤ የሥራው ክብደትም እዚህ ላይ ይመስለናል። በእግር የሚጫወቱት ትልልቅ ቧንቧዎች የሚሰጡትን ጥልቅ ድምፅም ቼሎ ብቻውን አይተካውም። አንዳንዶች ሃርፕሲኮርድ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

የታላቅ ደራሲን ሥራ መነካካት ድፍረት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የመጀመሪያው ነካኪ ባኽ ራሱ ነበር። የአራተኛው ሶናታ መክፈቻ ቀደም ሲል በ1723 ለኦቦ ዳሞሬና ለቪዮላ ዳ ጋምባ የተጻፈ የመዝሙር መግቢያ ነበር። የሦስተኛውን ሶናታ ዝግተኛ ክፍል ደግሞ ኋላ ለፍሉት፣ ለቫዮሊንና ለሃርፕሲኮርድ አቀናበረው። ያን ጊዜ ሦስቱን ድምፆች ማከፋፈል ብቻ አልበቃውም፤ አራተኛ ድምፅ ጨመረበት።

በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ደከመ። በ1750 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቴይለር ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢያደርግለትም አልዳነም፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28፣ በ65 ዓመቱ በላይፕሲግ አረፈ። ስድስቱ ሶናታዎች በሕይወት ሳለ አልታተሙም። በእጁ የጻፈው ቅጂ ዛሬ በበርሊን የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ሦስቱ ድምፆችም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር፣ አንዱ ከሌላው በታች ተጽፈውበታል።