ጉሊየልሞ ማርኮኒ፦ የረጅም ሞገድ ፈር ቀዳጅና የታሪክ ዕዳው

የጉሊየልሞ ማርኮኒ ስም በኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ከሽቦ አልባ ግንኙነት ጅማሬ ጋር ይነሳል። ኢትዮጵያን የሚነካው የሕይወቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ ይመለከታል፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ በ1874 በቦሎኛ ተወለደ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፤ ሙከራውን የጀመረው በወላጆቹ ቤት ነው። በ1895 ከኮረብታ ማዶ ምልክት ማድረስ ቻለ። በ1896 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1901 አትላንቲክን የተሻገረ ምልክት መቀበሉን አስታወቀ። በ1902 በመርከብ ሲጓዝ ምልክቱ ከቀን ይልቅ በሌሊት እንደሚርቅ አስተዋለ። ከዚያም ወደ ረጃጅም ሞገዶች አዘነበለ፤ በ1907 በአየርላንድና በካናዳ መካከል የንግድ አገልግሎት ከፈተ፤ በ1909 የኖቤል ሽልማትን ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ተጋራ።

የማርኮኒ የረጅም ሞገድ ጣቢያዎች ርቀትን ያሸነፉት በግዙፍ አንቴናና በከፍተኛ ኃይል ነበር። የዛሬ አማተሮች ግን ጊዜን ይጠቀማሉ። በ2007 ዓለም አቀፉ የራዲዮ ጉባኤ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ ያለውን ባንድ ለአማተሮች ሲፈቅድ የሚሠራጨውን ኃይል በ1 ዋት ገደበ። የሞገዱ ርዝመት 2,200 ሜትር ያህል ስለሆነ ሩብ ሞገድ አንቴና 550 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለግለሰብ የማይቻል ነው። ስለዚህ አንዷ የሞርስ ነጥብ ከ0.1 ሰከንድ ወደ 3 ሰከንድ ትረዝማለች። ፍጥነቱ 30 ጊዜ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ባንድዊድዝ፣ ከእርሱም ጋር የሚገባው ጫጫታ፣ በዚያው መጠን ይጠባል። ጆሮ የማይለየው ምልክት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ እንደ መስመር ይታያል።

ዘዴው ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ መልክዓ ምድር ይስማማል። ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የእንጦጦ ሰንሰለት ይለያታል፤ በሰበታና በቡራዩ በኩል ደግሞ ወጨጫ ይቆማል። አጭሩን ሞገድ የሚጋርድ ተራራ ረጅሙን እምብዛም አያግደውም። ትልቁ ፈተና በክረምት ከመብረቅ የሚመነጨው ጫጫታ ነው።

የማርኮኒ ሌላው ገጽታ ፖለቲካዊ ነው። በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930 የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደረገ፤ በ1935 የኢትዮጵያን ወረራ በይፋ ደገፈ። በጁላይ 1937 ሲሞት የራዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በወረራ ሥር ነበረች፤ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላም ገና አምስት ወር ነበር።

ሥራውን መማር ግለሰቡን ከተጠያቂነት ነጻ ማድረግ አይደለም፤ ድጋፉን መኮነንም ግኝቱን አይሰርዝም። ይሁንና በኢትዮጵያ የሚዘጋጅ የራዲዮ ታሪክ ትምህርት ከ1909 ጋር 1935ንም ሊያነሳ ይገባል። ያለዚያ ተማሪው የሚረከበው የጎደለ ታሪክ ይሆናል።